ሠላሳ አንደኛው ጌም

ግሌኒስ ትሬንጎቭ በዚያ ዓመት ሠላሳ አንድ ጌም ጨርሳለች። ሠላሳ አንድ! ሌላው ሰው በአንድ ዓመት ቤት ይሠራል፣ ትዳር ይይዛል፣ ቢያንስ ጥርሱን ያሳክማል። እሷ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ዓለምን አሥራ አራት ጊዜ ከጥፋት አድናለች፣ ስድስት ንጉሥ ከዙፋን አውርዳለች፣ አንድ ዳቦ ቤት ከኪሳራ አውጥታለች፤ የጓሮዋ ቧንቧ ግን ከፋሲካ ጀምሮ ያንጠባጥባል። ቧንቧ ሠሪ ልጥራ ብትል ደግሞ መጀመሪያ ሶፋው ላይ የተከመረውን ልብስ ማንሳት ሊኖርባት ነው። ተዉት።

ደግሞ ሰው የምትንቀው እሷ ናት!

ዋላሩ በምትባል የአውስትራሊያ የባሕር ዳር ከተማ፣ በየዓመቱ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ አራት ሰዎች የግሌኒስ ወንድም የክሌም ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ጋራዡ መኪና ካየ ዘመን የለውም። ቴሌቪዥን አለ፣ ሶፋ አለ፣ ሁለት ፍሪጅ አለ፤ አንዱ ለቢራ፣ አንዱ ለሸርጣን ማጥመጃ የሚሆን የበግ አንገት ማስቀመጫ። እያንዳንዱ ሰው በተራው የወተት ሣጥን ላይ ይወጣና በዓመቱ ምን ምን ጌም እንደጨረሰ ይናገራል። ብዙ የጨረሰ ዋንጫ ይወስዳል። ዋንጫው ከቆሻሻ መጣያ የተገኘ ነው፤ «ቲ. ኦጀርስ፣ የጥንድ ውድድር፣ 1974» የሚል ተቀርጾበታል። ኦጀርስ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ግሌኒስ ግን ስድስት ዓመት በተከታታይ ወስዳ ቴሌቪዥኗ አጠገብ አስቀምጣዋለች፤ አቧራ የሚጠረግለት ብቸኛ ዕቃዋ እሱ ነው።

ሕጉ ጥብቅ ነው። አንድ ጌም ተጨረሰ የሚባለው መጨረሻው ላይ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲያልፍ ከታየ ብቻ ነው። ያንን ፎቶ አንስተህ ለክሌም ትልካለህ፤ ክሌም አትሞ ግድግዳው ላይ ከስምህ ሥር በስፒል ይለጥፋል። ክሌም ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሲተው ወረቀት መለጠፍን አልተወም። እኩል ቁጥር ከመጣ ደግሞ ዋንጫው ከባለዋንጫው እጅ ወጥቶ ለተወዳዳሪው ይሰጣል። ይህን አንቀጽ ያስገባችው ራሷ ግሌኒስ ናት፤ ያኔ ተወዳዳሪ ስለነበረች።

ተወዳዳሪዋ ፓስኮ ይባላል፤ ወገቡ እስኪጎብጥ በግ ሲሸልት የኖረ ሰውዬ ነው። ለእሱ ያላት ንቀት ለብቻው ዋንጫ የሚያሸልም ነው። ፓስኮ አጭር አጭር ጌም ይመርጣል። «ዘጠኙ ሻይ ሳይበርድ ያለቁ ናቸው፤ አራቱ ለሕፃናት የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ እንደውም ከእህል ቁርስ ካርቶን ላይ የወጣ ነው» ትላለች። ወንድሟን ክሌምን ትንቃለች፤ ዓመት እስከ ዓመት ያንኑ የእግር ኳስ ጌም በዚያው ቡድን ተጫውቶ በዚያው ቡድን ይሸነፋል። ከሁሉም በላይ የምትንቃት የክሌምን ሚስት ሎርናን ነው። ሎርና ዓመቱን ሙሉ አንድ ጌም ብቻ ትጫወታለች፦ ዓሣ ማጥመድ።

«ባሕሩ እኮ ደጅሽ ነው» ትላታለች ግሌኒስ። «በሩን ከፍተሽ መቶ እርምጃ ብትሄጂ እውነተኛው ዓሣ አለ!»

«እዚህ ዝንብ የለም» ትላለች ሎርና።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ለጋራዡ ስብሰባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግሌኒስ ሠላሳ፣ ፓስኮም ሠላሳ ነበሩ። ቀልቧ ተገፈፈ። የምትሠራበት የእህል ሚዛን ቤት ውስጥ ተቀምጣ የገብስ መኪና ስትመዝን እንኳ ስለ ሠላሳ አንደኛው ታስብ ነበር። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ሊያልቅ አንድ ምዕራፍ ብቻ የቀረው ጌም ነበረ። አንድ ምዕራፍ ብቻ! ግን የብቻዋ አልነበረም።

«አንድ ገመድ» ይባላል። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ገመድ ታስረው ተራራ ይወጣሉ፤ ጫፍ ላይ ያለውን ደወል ሊደውሉ። ያለ ሁለት ሰው አይሄድም። ግሌኒስ የምትጫወተው ከልጇ ከታምሲን ጋር ነው። ታምሲን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዳርዊን ወደብ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ዳርዊን ማለት ደግሞ የአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው። በስልክ ሁለት ደቂቃ የማትሞላው ልጅ፣ ሐሙስ ሐሙስ ገመዱን ይዛ ስትወጣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ተከራየችው ቤት፣ ስለተለየችው ጓደኛዋ ሁሉን ታወራለች። ጥር ላይ ጀምረው እስከ ኅዳር እንዲህ ዘለቁ። ከዚያ የታምሲን ሥራ በዛ። አምስት ሐሙስ ቀረች። በቀረች ቁጥር የምትጽፈው ያው ነው፦ «እማ፣ ያለኔ እንዳትነኪ። የመጨረሻዋን ጎንሽ ቁጭ ብዬ ነው የምጫወታት።»

ሰኞ ዝናብ ጣለና አጨዳው ቆመ፤ ሚዛን ቤቱ ተዘጋ። ግሌኒስ በምሳ ሰዓት ቤቷ ገባች። ቁጭ አለች። ተነሳች። ፍሪጅ ከፈተች፣ ዘጋች። ዋንጫውን አየች። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ገብታ «አንድ ገመድ፣ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ ፈጥኖ የሚመጣ ሰው» ብላ ጻፈች። «ዶሮሾርባ9» የሚባል ሰው መጣላት። የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ ሴት ይሁን ወንድ አታውቅም። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ በሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ደወሉን ደወሉና «ቻው» ተባባሉ። ፎቶውን ለክሌም ላከች። እሰይ፣ ሠላሳ አንድ!

ማክሰኞ ጠዋት ታምሲን ጻፈችላት፦ «ትኬት ቆረጥኩ! እሑድ ጠዋት ዋላሩ ነኝ። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሰው እያየ ደወሉን እንደውላለን!»

ግሌኒስ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያን ሳምንት የማትናገረውን ተናግራ፣ የማትበላውን በልታ አሳለፈች። ለልጇ ደውላ «ጨረስኩት» ማለት ግን አልደፈረችም። ያላየ መስላ አብራት ልትጫወት ወሰነች። መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ደወሉ ሲደወል የምትለውን «ኦ!» ሁሉ ተለማመደች። አንዱ «ኦ!» በዛ፣ አንዱ አነሰ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴትዮ፣ ሚዛን ሹም፣ መስታወት ፊት «ኦ!»

እሑድ ክሌም ቋሊማውን ሳይጥድ ገና ዋንጫውን ይዛ ደረሰች። ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ያንገበግባል፤ ቬንትሌተሩ ትኩስ አየር ያማስላል። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ ሠላሳ አንደኛውን ፎቶ ነቀለችና ቁምጣዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ኧረ ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ክሌም። «የተለጠፈ አይነቀልም። ሕግ ነው።»

«ታምሲን እየመጣች ነው።»

«አውቃለሁ። ታዲያ?»

በዓይኗ የቀረችውን ስፒል አሳየችው። ክሌም ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው፤ ሲገባው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ያለሷ ጨረስሽው?»

«ጮክ አትበል።»

«ያለሷ? ግሌን! እኔ እኮ ሎርና አብረን የምናየውን ድራማ አንድ ክፍል ቀድማኝ ስላየች ሁለት ሳምንት ኩርፊያ ላይ ነበርኩ!»

«ስማኝ። ሠላሳ ብዬ እወርዳለሁ። ፎቶው አልነበረም፣ አንተም አላየህም።»

«ሠላሳ ካልሽ ዋንጫው የፓስኮ ነው።»

«ይሁንለት።»

«ትችያለሽ?»

«ምን ማለትህ ነው ትችያለሽ? ልጄ እኮ ናት!» አለችው፤ የምሯን ነበር። ስትናገረው ያመነችው ነገር ነው።

ታምሲን ከአዴሌድ ከተማ ከመጣው አውቶቡስ ወርዳ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ጆይስቲኳን በካልሲ ጠቅልላ ይዛዋለች። እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማ! ልንደውለው ነው! አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የኖርኩት። ሥራ ቦታ አንዱ መጨረሻውን ሊያወራ ሲል መሰላል ላይ ሆኜ መዝፈን ጀመርኩ፤ አለቃዬ አበደች ብሎ አወረደኝ። አንቺስ? ምንም አልሰማሽም አይደል?»

«ምንም» አለች ግሌኒስ።

ሎርና ከፍሪጁ አጠገብ ሆና ግሌኒስን አየቻት፤ ግድግዳውን አየች፤ ባዶዋን ስፒል አየች። ሥጋና ድንች ያለበትን ፓስቲ ቆርጣ ማደል ጀመረች።

ቆጠራው ተጀመረ። ሎርና ሣጥኑ ላይ ሳትወጣ «አንድ። አራት መቶ ስድሳ ዓሣ» አለች። ክሌም «ዜሮ፤ ለዋንጫ ደርሼ ተሸንፌያለሁ» አለ። ፓስኮ ወገቡን ይዞ ወጣና ሠላሳውንም አንድ በአንድ ጠራ፤ ሦስተኛው ላይ ግሌኒስ አዛጋች።

ከዚያ እሷ ወጣች። ሣጥን ላይ ስትወጣ ያምርባታል፤ እሱን ማንም አይክዳትም። «ዓመቱ የቆሻሻ ዓመት ነበር» ብላ ጀመረች። «ዓለም ልትጠፋ ሦስት ቀን ቀራት ይሉሃል፤ አንተ ግን አርባ ሰዓት አበባ ትለቅማለህ። ጄኔራሉ ከተኮሰው የለፈለፈው ይበልጣል። አንዱ ጌም ስለ ሐዘን ነው አሉኝ፤ እኔ የሰማሁት ፒያኖ ብቻ ነው። ሰውዬው ይሄዳል፣ ፒያኖ፤ ይቆማል፣ ፒያኖ። ፈረስ ያለበት ነበር፤ ፈረሱ ከባለቤቱ ይሻላል። ዳቦ ቤቱን ደግሞ ከኪሳራ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ ግን ያገባው ሌላዋን ነው!» ታምሲን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ግሌኒስ ልጇን ስትስቅ አየቻትና ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ባጠቃላይ... ሠላሳ።»

ክሌም ትንፋሹን ለቀቀ። «እኩል ለእኩል። ዋንጫው የፓስኮ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ልጅቷ «እንኳን ደስ አለህ» ብላ አጨበጨበች፤ ጆይስቲኩን ከካልሲው እያወጣች ነበር። ግን ፓስኮ ዋንጫውን አንስቶ ሳመው፤ ከዚያ አፉን ከፈተ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰደብሽን፣ ግሌን። እኔን ሕፃን አልሽኝ። ሎርናን ስንት አልሻት። ዛሬ ግን ሠላሳ ብቻ? ጣትሽ አለቀ፣ የኔ እመቤት። ዓይንሽም ደከመ። አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው።»

«አፍህን ዝጋ» አለች ግሌኒስ፤ አሁንም ራሷን ይዛ ነበር።

«የምሬን ነው። ለመጪው ዓመት ከሎርና ጋር ዓሣ አጥምጂ። እሱ ይሆንሻል፤ ቀስ ያለ ነው።»

ደሟ ፈላ። ዓሣ! እሷን! እጇ ኪሷ ውስጥ ሲገባ አልታወቃትም፤ ፎቶውን የቋሊማው ሳሕን አጠገብ በመዳፏ መታ አስቀመጠችው። «ሠላሳ አንድ! አንብብ፣ ማንበብ ከቻልክ! ሠላሳ አንድ!»

ፓስኮ ምንም የማያውቅ ምስኪን፣ ወረቀቱን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «አንድ ገመድ። ደወሉን የደወሉት፦ ግሌኒስ እና... ዶሮሾርባ9። ሰኞ።»

ታምሲን ጆይስቲኩን አስቀመጠች።

«ዶሮሾርባ ማነው?» አለች ታምሲን።

ማንም አልሳቀም።

«አላውቀውም» አለች ግሌኒስ።

«አታውቂውም።»

«ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ነው። ታምሲን፣ አምስት ሐሙስ ቀረሽብኝ፤ ዓመቱ እያለቀ ነበር፣ ፓስኮ ደግሞ...»

«ስድስት ቀን ነበር የቀረኝ።»

«መች አወቅኩ! የነገርሽኝ ማክሰኞ ነው!»

«ያለኔ እንዳትነኪ አልኩሽ። ስንቴ አልኩሽ?»

«ጌም እኮ ነው!» አለች ግሌኒስ።

ይህን ያለችው ማን እንደሆነች ልብ በሉ። ከቆሻሻ ለተለቀመ ዋንጫ ስድስት ዓመት እንቅልፍ ያጣችው ሴት ናት።

«ዛሬስ?» አለች ታምሲን፤ ድምፅዋ አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ዛሬ ምን ልታደርጊ ነበር?»

«አብሬሽ ልጫወት።»

«እንዳላየ ሆነሽ? ደወሉ ሲደወል 'ኦ!' ልትዪኝ?»

ግሌኒስ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ታምሲን ይህን አየችና ገባት። ዋንጫውን ከፓስኮ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች፤ አምጥታ የእናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ሠላሳ አንድ ነው። ይገባሻል።» ከዚያ ዞረች። «ፓስኮ፣ እጅህ ባዶ ነው አይደል? ና ተቀመጥ።»

«እኔ? እኔ እኮ ይሄን ሞክሬው አላውቅም፣ ልጄ።»

«ጥሩ። እኔም መጨረሻውን አላውቀውም።»

በራሷ ስም ገባች፤ ለእሷ ጨዋታው ኅዳር ላይ ከእናቷ ጋር ያቆሙበት ገደል አፍ ላይ ነበር። ፓስኮ ግሌኒስ ስታጫውታት የነበረችውን እህት ያዘ። የተሰበረው ድልድይ ላይ ደረሱ። ፓስኮ ሮጠ፤ ወደቁ። አሁንም ሮጠ፤ ወደቁ። ሰባት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ። ታምሲን በመጀመሪያ ጥርሷን ነከሰች፣ ቀጥሎ ተነፈሰች፣ ዘጠነኛው ላይ ሳቅ አመለጣት። ፓስኮ ስለ ወገቡ ማውራት ጀመረ፤ ታምሲንም ስለ ወደቡ፣ ስለ አለቃዋ። ዳርዊን ውስጥ አዲስ ሰው ተዋውቄያለሁ አለችው። ግሌኒስ ይህን አልሰማችም ነበር።

የድልድዩን ዘዴ ታውቀዋለች። ቀላል ነው፦ የፊተኛዋ መሮጥ የለባትም። ቆማ ኋለኛዋ እስክትደርስ መጠበቅ አለባት፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ራሱ ይጋጠማል። ግሌኒስ ምላሷን ነክሳ ተቀመጠች። አሥረኛው። አሥራ አንደኛው። ፓስኮ ደግሞ ሊሮጥ ነው። ግሌኒስ ከሶፋው ብድግ አለች። «ቁ—»

«እማ» አለች ታምሲን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «እንዳትነግሪን።»

ተቀመጠች። ፓስኮ በመጨረሻ ወገቡን ሊያቀና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ስለቆመ ድልድዩ ተጋጠመ። ወጡ፤ ደወሉን ደወሉ። ድምፁ ጋራዡን ሞላው፤ በረዶው ሁሉ ከተራራው ወረደ፤ ከሥር ያለው መንደር መብራት በመብራት ሆነ።

«ኦ!» አለ ፓስኮ አፉን ከፍቶ።

ታምሲን አቀፈችው። ክሌም ዓይኑን እየጠረገ ፎቶ አነሳ፤ አትሞ ከፓስኮ ስም ሥር ለጠፈ። ለጥፎ ቆመ፤ ቆጠረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግሌን... ቀኑ አልመሸም። ፓስኮም ሠላሳ አንድ ሆነ።»

ግሌኒስ ዋንጫውን አንስታ ለፓስኮ ሰጠችው። ፓስኮ አሁን አልሳመውም፤ ተቀብሎ እግሩ ሥር አስቀመጠው።

ታምሲን ጆይስቲኳን ካልሲው ውስጥ እየመለሰች ነበር። እናቷ ጎኗ ሄዳ ቆመች። «ሐሙስስ?» አለቻት።

«ሐሙስ ሥራ የለኝም። ሁለተኛው ክፍል ወጥቷል፤ ከፓስኮ ጋር ልንጀምረው ነው።»

ግሌኒስ ሁለተኛ ክፍል የሚባል ሁሉ ቆሻሻ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ሠላሳ አንድ ምክንያት ነበራት። አንዱም አልወጣላትም።

«ቁጭ ብዬ ልመልከት?» አለች።

ታምሲን የካልሲውን አፍ ቋጠረች።

«አፍሽን ከዘጋሽ» አለቻት።